በዓመት ሁለት ቺንጋ የጨረሰ አሮጌ ሞተር፦ ሦስተኛውን ከመግጠምህ በፊት

«ከአባቴ የተረከብኩት የ1970ዎቹ መኪና አለኝ። ባለ አራት ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር ነው። ከፊት ሁለት የቪ ቺንጋ አለው። አንዱ የውሃ ፓምፑን ከነፋኑና አልተርኔተሩን ያዞራል። ሌላው የመሪውን ፓምፕ ያዞራል። ጠዋት ሳስነሳው ያፏጫል። መብራት ሳበራ ይብስበታል። የአልተርኔተሩን ቺንጋ ባለፈው አንድ ዓመት ሁለት ጊዜ አስቀይሬዋለሁ፣ አሁንም ያው ነው። በዚህኛው ዙር ሁለቱንም ራሴ ልቀይር አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር? ምን ያህልስ ይወጠራል?»

ወንድሜ፣ ራስህ ለመሥራት መነሳትህ ደስ ብሎኛል። የፊት ቺንጋ መቀየር ለጀማሪ የሚሆን ሥራ ነው። ጥቂት መፍቻ፣ አንድ ጠንካራ እንጨት፣ የእጅ ባትሪና ግማሽ ቀን ይበቃሃል። አሮጌ ሞተር ደግሞ እጅ የሚያስገባ ቦታ አለው። ግን መፍቻ ከማንሳትህ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። በአንድ ዓመት ሁለት ቺንጋ የጨረሰ መኪና ችግሩ ቺንጋው አይደለም። ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ አንድ ቺንጋ ዓመታት ይቆያል። በወራት ካለቀ የሚበላው ነገር አለ። ያንን ሳታገኝ አዲስ ብትገጥም ሦስተኛውም የሁለቱን መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ እንዴት እንደሚቀየር እነግርሃለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን የሚበላውን እንዴት እንደምታገኘው ነው የምነግርህ።

አንድ ነገር ለይተን እንለፍ። የማወራው ከሞተሩ ፊት ለፊት በውጭ ስለሚታዩት ቺንጋዎች ነው። አንዳንድ ሞተር በሽፋን ውስጥ ባለ ጥርስ የታይሚንግ ቺንጋ አለው። እሱ ሌላ ሥራ ነው፣ ምልክት ከምልክት ሳይገጣጠም አይነካም። ሽፋኑን ተወው።

አሁን ቺንጋው እንዴት እንደሚይዝ እንይ። ከዚህ በኋላ የምልህ ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። የአንተን ቺንጋ ቆርጠህ ብታየው ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ነው። እንጨት መፍለጫ ሽብልቅ ማለት ነው። ጆን ጌትስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1917 ይህን ቅርጽ ከጎማና ከክር ሠርቶ ከማውጣቱ በፊት ፋን የሚዞረው በጠፍጣፋ ወይም በክብ የቆዳ ቀበቶ ነበር። ቆዳ ይለጠጣል፣ ውሃ ሲነካው ይንሸራተታል። የጎማው ሽብልቅ ግን ሲወጠር ወደ ፑሊው (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት) ቦይ ይገባና በሁለቱ ጎኖቹ ይቆነጥጣል። የቦዩ ግድግዳዎች እርስ በርሳቸው ከ34 እስከ 40 ዲግሪ ገደማ ይከፈታሉ። በዚህ ጥበት ምክንያት በጎኖቹ ላይ የሚያርፈው ጫና ከሳበው ኃይል ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ትንሽ ውጥረት ብዙ ጉልበት የሚያስተላልፈው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ልብ በል። ቺንጋው የሚይዘው በጎኑ ነው እንጂ በሆዱ አይደለም። ሆዱ የቦዩን ወለል መንካት የለበትም። ከነካ ሽብልቅነቱ ቀረ፣ ምንም ብትወጥረው ይንሸራተታል። ትክክለኛ ቺንጋ ሲገጠም ጀርባው ከፑሊው ጠርዝ ጋር እኩል ይሆናል፣ ወይም በጥቂቱ ከፍ ይላል። ጠልቆ ከገባ ወይ ቺንጋው ለዚያ ቦይ ጠባብ ነው፣ ወይ አልቋል፣ ወይ ፑሊው ራሱ ተበልቷል። አሁን ኮፈኑን ክፈትና ሳትፈታ ይህን ብቻ እይ። ሁለት ጊዜ ሲቀየር ማንም ይህን አይቶት እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ጠዋት የሚያፏጨውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሞተር ለማስነሳት ባትሪው ብዙ አቅም አውጥቷል። ሞተሩ እንደተነሳ አልተርኔተሩ ያንን ለመመለስ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል። ሲሠራ ለመዞር ይከብዳል። መብራት ስታበራ ደግሞ ይጨምርበታል። የአልተርኔተሩ ፑሊ ትንሽ ነው፣ ቺንጋው የሚያቅፈውም ጥቂቱን ክብ ብቻ ነው። ስለዚህ የላላ ቺንጋ መጀመሪያ የሚንሸራተተው እዚያ ነው። ሌሊቱን የወረደ ጤዛና የደረቀ ጎማ ሲጨመርበት ድምፁን ሰፈር ሁሉ ይሰማዋል። ትንሽ ቆይቶ ባትሪው ሲጠግብ ጩኸቱ ያልፋል። ሰውም «ተወው» ብሎ ይሄዳል። ግን ያ ድምፅ ጎማ ብረት ላይ ሲቃጠል የሚሰማ ድምፅ ነው። በየቀኑ ጠዋት ቺንጋህ ከጎኑ ትንሽ ትንሽ እየተላጠ ነው ማለት ነው።

የትኛው ቺንጋ እንደሚጮህ መለየት ካስቸገረህ መሪውን እስከ ጥጉ አዙረው። ያኔ ብቻ ከጮኸ የመሪው ፓምፕ ቺንጋ ነው። ሌላም ዘዴ አለ። ሞተሩ ሥራ ላይ እያለ በርቀት በመርጫ ጠርሙስ ጥቂት ውሃ በቺንጋው ጎን ላይ እርጭ። ድምፁ ከባሰ ውጥረት ጎድሎታል። ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። ይህን ስታደርግ የእጅጌህን ቁልፍ ቆልፍ፣ ሻርፕና የአንገት ሐብል አውልቅ። የሚዞር ፋን በዓይን አይታይም። በዚህ ጉዳይ ቀልድ የለም።

አሁን ወደ መፍታቱ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ አውልቅ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ከአልተርኔተሩ ጀርባ ያለው ወፍራም ሽቦ ግን የመኪናው ቁልፍ ቢዘጋም ከባትሪ ጋር እንደተገናኘ ነው። መፍቻህ እሱንና የሞተሩን ብረት አንድ ላይ ከነካ ብልጭታውን ታየዋለህ። የኤሌክትሪክ ፋን የተገጠመለት መኪና ከሆነም ቁልፉ ተዘግቶ እያለ በራሱ ሊነሳ ይችላል። ገመዱን ማውለቅ ከሁለቱም ያድንሃል።

ከዚያ ስልክህን አውጣና ቺንጋዎቹ የሚሄዱበትን መንገድ ከፊትና ከጎን አንሳ። ከፊት ያለው ቺንጋ ካልወጣ የኋላው አይወጣም። በአብዛኛው የመሪው ፓምፕ ቺንጋ ከፊት ነው የሚሆነው፣ ግን የአንተን አይተህ አረጋግጥ።

አልተርኔተሩ በሁለት ቦታ ነው የተያዘው። በአንድ በኩል የሚታጠፍበት ረጅም ቡሎን አለ። በሌላው በኩል ቀስት የመሰለ፣ ረጅም ቀዳዳ ያለው ቅንፍ ላይ የሚጠብቅ ቡሎን አለ። ሁለቱንም ፍታ፣ ግን አታውጣቸው። የቅንፉን ብቻ ፈትቶ አልተርኔተሩን በጉልበት የሚገፋ ሰው ብዙ ነው። የማጠፊያው ቡሎን ካልላላ የአልተርኔተሩን ጆሮ ትሰብረዋለህ፣ ጆሮው አሉሚኒየም ነው። ቡሎኖቹ ዝገው ከሆነ ማታ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭተህ ጠዋት ተመለስ። ዘይቱ ግን ቺንጋ አይንካ።

አልተርኔተሩን ወደ ሞተሩ ግፋው። ቺንጋው ሲላላ ከአልተርኔተሩ ፑሊ አውጣው፣ ከዚያ በፋኑ ምላሶች ላይ አንድ በአንድ አሳልፈህ አውጣው። ራዲያተሩ ቅርብ ከሆነ ወፍራም ካርቶን ከፊቱ አቁም። የራዲያተር ክንፍ ስስ ነው፣ የመፍቻ ጫፍም ይበሳዋል። የመሪው ፓምፕም በተመሳሳይ መንገድ ይላላል። እሱ ላይ ዘይት የሚይዘውን ጣሳ አትግፋው፣ ቆርቆሮ ስለሆነ ይጨረመታል። የሚገፋው ወፍራሙ የፓምፑ አካል ነው።

አሁን ደርሰናል። ያወጣኸውን ቺንጋ እንዳትጥለው። እጥበውና ብርሃን ላይ ያዘው፣ ወደ ውጭ ገልብጠህ እጠፈው፣ በጣትህ እየዳሰስክ ሙሉ ዙሩን እየው። የምትፈልገው መልስ እሱ ላይ ተጽፏል።

ሁለቱም ጎን እንደ መስታወት ካብለጨለጨና ሲነካ ከጠነከረ ሲንሸራተት ነው የኖረው። አንዱ ጎን ብቻ ከተበላና ክሩ ከታየ ፑሊዎቹ ተዛንፈዋል። ሆዱ ላይ የሚያብረቀርቅ መስመር ካለ የቦዩን ወለል እየነካ ነበር። ጎማው ለስልሶ ካበጠና ጣት ላይ ጥቁር ከለቀቀ ዘይት አግኝቶታል፤ ያኔ ከፊት ያለውን የክራንክ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ዘይት መከላከያ፣ የቫልቭ ሽፋኑንና የመሪውን ፓምፕ ቱቦዎች ፈትሽ። ጎኑ ደህና ሆኖ በድንገት የተበጠሰ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገጠመው ሰው ነው። ቺንጋውን ሳያላላ በካቻቢቴ እየጎተተ በፑሊው ላይ አሳልፎታል። የቺንጋው ጉልበት ያለው ከላዩ አጠገብ በተቀበሩት ክሮች ላይ ነው። በካቻቢቴ ሲጎተት ጥቂቶቹ ክሮች ከውስጥ ይበጠሳሉ። ከውጭ ምንም አይታይም። ከሳምንታት በኋላ ግን መንገድ ላይ ያስቀርሃል።

ስለ ስንጥቅም አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ ቺንጋ ሲያረጅ ሆዱ ላይ ይሰነጣጠቅ ነበር፣ ሁላችንም ስንጥቅ ቆጥረን ነው የቀየርነው። ዛሬ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ ነው የሚሠሩት። እሱ ቶሎ አይሰነጠቅም፣ ዝም ብሎ ያልቃል። «ስንጥቅ የለውም» ብለህ ደህና ነው አትበል። ጎኑንና በቦዩ ውስጥ የተቀመጠበትን ከፍታ እይ።

ቺንጋው ወጥቶ እያለ ሌላ ጊዜ የማታገኘው ዕድል አለህ። የውሃ ፓምፑን ፑሊ በእጅህ አዙረው። ቀስ ብለህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ቢሆን ይመረጣል። ደህና ኩሽኔታ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ጣት ነው የሚዞረው። የተበላሸው ግን አሸዋ የገባበት ያህል ይንኮሻኮሻል፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ይያዝና ይለቃል። ከዚያ ፑሊውን ጫፍና ጫፉን ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዘው። ቢነቃነቅ ፓምፑ አልቋል። ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በዙሪያዋ የውሃ ዝገት ወይም የፀረ ቅዝቃዜ ቀለም ካየህ ውሃውም ማምለጥ ጀምሯል። አልተርኔተሩንና የመሪውን ፓምፕም እንዲሁ ፈትሽ። የሚይዝ ኩሽኔታ ቺንጋ ይበላል። አንተ ጋ የምጠረጥረው አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ፑሊው ነው። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሠራ ፑሊ ነው። የቦዩ ግድግዳ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ቀጭን ቀጥ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የብረት ማስመሪያ ጠርዝ፣ በግድግዳው ላይ አስደግፍና ከኋላ በእጅ ባትሪ አብራ። ብርሃን በመሃል ካለፈ ግድግዳው እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። እንደዚህ ዓይነት ፑሊ ላይ አዲስ ቺንጋ በጠርዙ ብቻ ይይዛል፣ በሳምንት ውስጥ የቦዩን ቅርጽ እስኪይዝ ይበላል፣ ከዚያ ይላላል፣ ከዚያ ይጮኻል። ባለቤቱ ቺንጋው ጥራት የለውም ይላል። ፑሊው ካልተቀየረ ይህ ታሪክ አያልቅም። የቦዩን ወለልም እይ። ዝገትና አቧራ ሳይሆን የተወለወለ ብረት ከታየህ ቺንጋው እዚያ ድረስ ሲወርድ ነበር።

ፑሊው ደህና ከሆነ አጽዳው። በሽቦ ብሩሽ ዝገቱንና የተጋገረውን ጎማ አንሳ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጥረግ። ጠርዙ ላይ የተቆለመመ ወይም የተሰነጠረ ብረት ካለ በጥሩ ሞረድ አለስልሰው። ምላጭ የሚሆን ጠርዝ አዲስ ቺንጋ በቀናት ውስጥ ይተለትለዋል።

ሦስተኛው መስመር ነው። ረጅም ቀጥ ያለ እንጨት ወይም የተወጠረ ክር ከክራንኩ ፑሊ ፊት እስከ አልተርኔተሩ አስቀምጥ። የፑሊዎቹ ፊት ውፍረት ሊለያይ ስለሚችል የምታነጻጽረው የቦዮቹን መሃል ነው። በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተዛነፈ አስተካክለው። መኪናህ መጀመሪያ ዲናሞ (የድሮው ባትሪ መሙያ) የነበረውና በኋላ አልተርኔተር የተገጠመለት ከሆነ ይህን በተለይ አትዝለል። በአሮጌ መኪኖች ላይ የተለመደ ለውጥ ነው፣ ጥሩ ለውጥም ነው። ግን ቅንፉ ላይ አንድ ሮንዴላ ተረስቶ ወይም አንድ ተጨምሮ ከሆነ ቺንጋው ዕድሜውን በሙሉ በሰያፍ ይሮጣል። አልተርኔተር ከዲናሞ የበለጠ ኃይል ስለሚያወጣ ቺንጋውንም የበለጠ ይጭነዋል። በዲናሞ ጊዜ ዝም ብሎ የታለፈ ስህተት በአልተርኔተር ይጮኻል።

አሁን አዲሱን ቺንጋ እንምረጥ። ብዙ ሰው ያወጣውን ይዞ ሄዶ «እንደዚህ ያለ» ይላል። ያወጣኸው ግን ትክክለኛው ላይሆን ይችላል። ሁለት ጊዜ ተቀይሮልሃል፣ የተገኘው ተገጥሞ ሊሆን ይችላል። የመኪናው መጽሐፍ ካለህ ከእሱ ጀምር። ቺንጋው ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር ሁለት ነገር ይነግርሃል። በአውሮፓው አጻጻፍ 13×1025 ካለ የላዩ ስፋት 13 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 1025 ሚሊ ሜትር ነው። በአሜሪካው አጻጻፍ 15400 ካለ ስፋቱ ከአንድ ኢንች 32 ክፍል 15ቱ፣ ርዝመቱ 40 ኢንች ነው። ርዝመቱ ላይ ተጠንቀቅ። አንዳንዱ የውጭውን ዙር፣ አንዳንዱ ደግሞ ክሮቹ ያሉበትን የመሃል ዙር ይጽፋል። በሁለቱ መካከል ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አለ። ቅንፉ ላይ ያለውን ማስተካከያ የሚጨርስብህ ይህ ልዩነት ነው።

መጽሐፍ ከሌለህ ወይም አልተርኔተሩ ተለውጦ ከሆነ ለካው። አልተርኔተሩን በቅንፉ ቀዳዳ ላይ ከሞተሩ በኩል አንድ ሦስተኛው ላይ አቁመው። የማይለጠጥ ክር ቺንጋው በሚሄድበት መንገድ ሁሉ በፑሊዎቹ ጠርዝ ላይ አዙርና የሚገናኝበትን ምልክት አድርግ። ያ የውጭው ርዝመት ነው። አንድ ሦስተኛ ያልኩህ አዲስ ቺንጋ ሲቀመጥና ሲለጠጥ ወደ ውጭ መወጠሪያ ቦታ እንዲቀርልህ ነው። ገና ስትገጥመው የቅንፉ መጨረሻ ላይ የሚደርስ ቺንጋ ረጅም ነው፣ መልሰው።

ከሁለት ዓይነት አንዱን ትመርጣለህ። አንዱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነው፣ ጎኑ ለስላሳ። ሌላው ጎኑ የተቆረጠ ጎማ ሲሆን ሆዱ ላይ ጥርስ የመሰለ ቆረጣ አለው። ጥርሱ ለመያዝ አይደለም፣ በቀላሉ እንዲታጠፍ ነው። ትንሽ ፑሊ ላይ በቀላሉ የማይታጠፍ ቺንጋ ይሞቃል፣ ሙቀት ደግሞ ጎማ ይገድላል። ለአልተርኔተር እኔ ባለ ጥርሱን ነው የምመርጠው። መኪናውን ልክ ከፋብሪካ እንደወጣ ማቆየት የሚፈልግ ሰው የተጠቀለለውን ይገጥማል፣ እሱም ያስኬዳል። ለዓመታት ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ቺንጋ ግን «አዲስ» ቢባልም አትውሰድ። እጠፈው፣ ከጠጠረ ተወው። እንደ አንዳንድ የድሮ የመርሴዲስ ናፍጣ ሞተሮች አንድ ነገር ሁለት ቺንጋ ጎን ለጎን የሚያዞሩት ከሆነ ሁለቱም አብረው ነው የሚቀየሩት፣ ከአንድ ዓይነትና ከአንድ ልክ። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ አዲሱ ብቻውን ይሸከማል።

ስትገጥም የመጀመሪያው ከኋላ ያለው ነው። በፋኑ ምላሶች ላይ አሳልፈው፣ በክራንኩና በውሃ ፓምፑ ቦይ ውስጥ አስቀምጠው፣ በመጨረሻ አልተርኔተሩ ላይ። በእጅ ካልገባ ማላላቱ አልበቃም ማለት ነው፣ ካቻቢቴ አታንሳ። በእጅ ያለ ትግል መግባት አለበት።

ለመወጠር መዶሻ እጀታ ወይም ጠንካራ እንጨት በሞተሩና በአልተርኔተሩ መካከል አስገባ። እንጨቱ የሚገፋው በፑሊው በኩል ያለውን ወፍራም የአልተርኔተር አካል ነው። መሃሉን ወይም ጀርባውን ከገፋህ ታጎብጠዋለህ። በአንድ እጅ ወጥረህ ይዘህ በሌላው የቅንፉን ቡሎን አጥብቅ። ከዚያ ለካ፣ በመጨረሻ የማጠፊያውን ቡሎን አጥብቅ።

ወደ ጠየቅኸኝ ደረስን፤ ምን ያህል ይወጠራል? መጽሐፍህ ቁጥር ካለው እሱ ይበልጣል። ከሌለው በሁለት ፑሊዎች መካከል ያለውን ረጅሙን ነፃ ክፍል ፈልግ። መሃሉ ላይ በአውራ ጣትህ ጠንከር አድርገህ ተጫን። ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሰምጥ የቺንጋ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ልክ ነው። በጣት ለመለካት ግን ይህ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ የብዙ አሮጌ መኪና መጽሐፍ በረጅሙ ክፍል ላይ ከ10 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ይላል። ከዚህ ጀምር። ማስመሪያ በቺንጋው ጀርባ ላይ አጋድመህ በሌላ ማስመሪያ ጥልቀቱን ብትለካ ግምት አይሆንም። ሌላም መፈተኛ አለ። የአልተርኔተሩን ፑሊ በእጅህ ለማንሸራተት ሞክር። በቀላሉ በቺንጋው ውስጥ ከተንሸራተተ ላልቷል።

ጥርጣሬ ሲገባህ አታጥብቅ። በዚህ ላይ ከራሴ የማልረሳው አለ። ሥራ ስጀምር አንድ የሚጮህ ቺንጋ ደጋግሜ አጠበቅሁ፣ እንደ ክራር ክር እስኪሆን። ጩኸቱ ጠፋ፣ ባለቤቱም አመስግኖኝ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ አለቀና መኪናው ውሃውን አፍስሶ በመጎተት መጣ። ፑሊው ጎድጉዶ ነበር፣ እኔም ቦዩን ሳላይ ነው ውጥረት የጨመርኩት። የሰውየው ሞተር ቴስታታው (የላይኛው ክዳን) ሳይጣመም መትረፉ ዕድል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጩኸትን በማጥበቅ አልፈውስም፣ ምክንያቱን ሳላይ። በጩኸቱ ላይ የሚረጩ ማጣበቂያዎችም አሉ፣ ሳሙናና ቅባት የሚቀባም አለ። አንዱንም አትጠቀም። ድምፁን ለሁለት ቀን ይደብቃሉ፣ ጎማውን ያበላሻሉ፣ ፑሊው ላይም አቧራ የሚሰበስብ ዝቃጭ ይተዋሉ።

ባትሪውን መልስ፣ መሣሪያ ሁሉ ከፋኑ መራቁን አረጋግጥ፣ አስነሳ። ቺንጋው ሳይርገበገብ በአንድ መስመር መሮጥ አለበት። የባትሪው ቀይ መብራት ይጥፋ። ሩብ ሰዓት ያህል አሠራው፣ መብራቱን አብራበት፣ መሪውንም አዙር። ከዚያ አጥፋ፣ ይቀዝቅዝ፣ ውጥረቱን እንደገና ለካ። ይላላል። አዲስ ቺንጋ ቦዩ ውስጥ ሲቀመጥ ውጥረቱን ይቀንሳል፣ ይህ ተፈጥሮው ነው። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄድ አንድ ጊዜ ድገመው። ብዙ አዲስ ቺንጋ የሚሞተው ይህ ሁለተኛው ማጥበቅ ስለሚረሳ ነው። የአንተም ሁለቱ ከተገጠሙ በኋላ ማንም እንደገና ነክቷቸው እንደሆነ አስታውስ።

የድሮዋ ቮልስ ላላችሁ አንባቢዎች አንድ አንቀጽ፦ የእናንተ ከዚህ ይለያል። ዲናሞው ቦታውን አይለቅም፣ የሚከፈለው ፑሊው ነው። የ21 መፍቻ ይበቃል። ፑሊው እንዳይዞር ጠርዙ ላይ ባለችው ስንጥቅ ካቻቢቴ አስገብታችሁ በዲናሞው ቡሎን ላይ አስደግፉ። ዳዶው ሲፈታ ፑሊው ሁለት ቦታ ይከፈላል፣ በመካከሉ ስስ ሮንዴላዎች አሉ። ከመካከል ሮንዴላ ስታወጡ ሁለቱ ግማሾች ይቀራረባሉ፣ ቺንጋው ወደ ጠርዙ ይወጣል፣ ይወጠራል። ስትጨምሩ ይላላል። ያወጣችሁትን ከውጭ ከዳዶው በታች አስቀምጡ፣ አይጠፋም። ስታጠብቁ ቺንጋው በሁለቱ ግማሾች መካከል እንዳይቆነጠጥ ሞተሩን በየጊዜው በእጅ እያዞራችሁ አጥብቁ። በአውራ ጣት ሲጫን 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰምጣል። ይህች መኪና የምትቀዘቅዘው በነፋስ ነው፣ ነፋሱን የሚነፍሰው ፋን ደግሞ ከዲናሞው ዘንግ ጋር የተያያዘ ነው። ቀዩ የቻርጅ መብራት እየሄዳችሁ ቢበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ቁሙ፣ «እስከ ቤት ልድረስ» አይሠራም።

የአንተም ላይ ሕጉ ያው ነው፣ የውሃ ፓምፑ ከአልተርኔተሩ ጋር በአንድ ቺንጋ ስለሚዞር። መንገድ ላይ ከተበጠሰ ሞተሩን አጥፋ። የመሪው ፓምፕ ቺንጋ ብቻ ከሆነ መሪው ይከብዳል እንጂ መኪናው ይሄዳል፣ የተበጠሰው ጨርቅ ፋኑ ላይ እንዳይጠመጠም አውጥተህ ቀስ ብለህ መንዳት ትችላለህ። አሁን የምታወጣው ቺንጋ ጎኑ ደህና ከሆነ በላስቲክ ጠቅልለህ ከሚገባው ሁለት መፍቻ ጋር ከወንበሩ ሥር አስቀምጠው።

ቅዳሜ ስትሠራው ያወጣኸውን የአልተርኔተሩን ቺንጋ ሁለቱን ጎንና ሆዱን ፎቶ አንሳልኝ። የክራንኩንና የአልተርኔተሩን ቦይም ብርሃን አብርተህ አንሳ። አንዱ ጎን ብቻ ከተበላ ከሮንዴላው እንጀምራለን፣ ሆዱ ካብለጨለጨ ደግሞ ፑሊ እንፈልግልሃለን።